የሞቀ ወንበር

«ይሄ ነገር አበደ እንዴ?» አለ ሞርተን፣ የትምህርት ቤቱን የጭስ መለኪያ በጓንቱ መታ መታ እያደረገ። «ሲግኔ፣ ነይ እዪ! የአባትሽ መኪና ሁሉንም በለጠ!»

ሲግኔ ቁጥሩን ስታይ ክው አለች። ሁለቱ ለሳይንስ ትምህርት፣ ቆመው ሞተራቸውን የሚያስጮሁ የጭነት መኪናዎችን ሲለኩ ነው የሰነበቱት። በእንጨት መሰንጠቂያው በር ላይ የሚሰለፉትን ግንድ ጫኞች ለክተው፣ ሹፌሮቹን ሲያሟቸው ከርመዋል። ትልቁ ቁጥር የተገኘው ግን እዚሁ እነሲግኔ ግቢ ውስጥ፣ ቆሞ ከሚጮኸው ከአባቷ የጭነት መኪና ሆነ፤ ጭሱ በቤቱና በበረዶው ክምር መካከል መውጫ አጥቶ ይርመሰመሳል።

«እሱን አናስገባውም» አለች።

«ባክሽ! የሌላው ሲሆን ይወራል፣ ያንቺ አባት ሲሆን ምስጢር?»

«አርብ ውጤቱን ስናቀርብ ወላጆች ሁሉ ይመጣሉ እኮ። መንደሩ በሙሉ ይስቅበታል።» አባቷን በጣም ትወደዋለች፤ ማንም እንዲስቅበት አትፈልግም።

አባቷ ስቴላን ዳቦውን እያኘከ ከቤት ወጣ። «እህ፣ ስንት አገኘሁ?»

«አንደኛ ወጥተዋል፣ ጋሽ ስቴላን!» አለ ሞርተን፤ አፉ አያርፍም። «ነዳጁስ?»

ስቴላን ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ከመሪው ጀርባ ያለውን ሰሌዳ አየ። «በሰዓት ሦስት ሊትር ገደማ። ያውም ቆሞ!» ብሎ ራሱን አከከ።

«ታዲያ ለምን አታጠፋውም፣ አባዬ?» ሲግኔ ተቆጣች። «ሞተሩ እንደሆነ ብርድ እንዳይይዘው ሌሊቱን ሙሉ በኤሌክትሪክ ገመድ ሲሞቅ ነው የሚያድረው።»

«ለሞተሩ መች ሆነና? ላንቺ ነው እንጂ። አንደኛ ክፍል ሳለሽ፣ ወንበሩ ቀዘቀዘኝ ብለሽ እስከ ትምህርት ቤት ድረስ አለቀስሽ። ከዚያ ወዲህ ሁሌም ቀድሜ አስነሳዋለሁ።»

ሲግኔ ማልቀሷን አታስታውስም። ይህን ሁሉ ዓመት የሞቀ ጋቢና ውስጥ ዘው ስትል፣ ማን እንዳሞቀው ጠይቃ አታውቅም።

«መዝግበው» አለችው ሞርተንን ቀስ ብላ። «አርብ ይሄንን እኔ እናገራለሁ። ለማን ሲባል እንደሚነሳም ጭምር።»

በማግስቱ ጠዋት ስቴላን ሞተሩን ሊያስነሳ ቁልፉን ይዞ ወጣና የጋቢናውን በር ሲከፍት ደነገጠ። ሲግኔ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርባ፣ የአጋዘን ቆዳ አንጥፋ፣ በእሱ ወንበር ላይ ኩርምት ብላለች። አፍንጫዋ ቀልቷል።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ወንበርህን እያሞቅኩልህ» አለችና ወደ ራሷ ቦታ ተሻገረች።