የጀልባው እግር

በ1961 ዓ.ም. ቀራንዮ ውስጥ ጀልባ ያለው ቤት የእኛ ብቻ ነበር። ውኃ ግን አልነበረንም።

አባቴ አቶ ወንድይፍራው አሰብ የሚመላለሱ የጭነት መኪናዎች ነበሯቸው። ጀልባዋን የገዟት ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ከሚሄድ ጣሊያን ነው። ገላዋ ቀይ ቡናማ የማሆጋኒ እንጨት ነበር። ክረምቱን በግቢያችን ባሕር ዛፎች ሥር ሸራ ለብሳ ትከርምና በጋ ሲገባ በጭነት መኪና ተጭና ወደ ላንጋኖ ትወርዳለች። ጎረቤታችን እትዬ ጤናዬ በአጥሩ በኩል ባለፉ ቁጥር አባቴን ሳይነካኩ አይሄዱም።

«ወንድይፍራው፣ የጥፋት ውኃው መቼ ነው ተባለ? እኔንም ከእንስሶቹ ጋር ቁጠረኝ እንጂ።»

«አንቺን ከጫንኩ ዝሆኑን ማስቀረቴ ነው» ይላሉ አባቴ።

እናቴ ያረፈችው እኔ ቤይሩት ስማር ነው። ከዚያ ወዲህ ሸራው አልተገለጠም። ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ ሞተሩ ዝጎ ተጣብቆ ነበር። አባቴ አንድ ቀን ሸራውን ገፈፉት፤ አሮጌውን ሞተር አስወጡና አዲስ አስመጡ።

እኔ በበኩሌ አገሬ ገብቼም አልገባሁም ነበር። ቤይሩት ሳለሁ ቀራንዮ ይታየኛል፤ ቀራንዮ ስመጣ ቤይሩት። እዚያ የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ የረዳት መምህርነት ሥራ ሰጥቶኝ እስከ ጥር ይጠብቀኝ ነበር። አባቴ አትሂጂ አላሉኝም።

«አንድ ጊዜ ሐይቁ ላይ ይዤሽ ልውጣ፣ ኮከብ። ከዚያ እንዳሻሽ» አሉኝ።

ቃል ገባሁ። ጀልባዋ ውኃ ሳትነካ ላልሄድ።

ያች ጀልባ ሞተሯ ሆዷ ውስጥ ነው። ኃይሉን በኋላ ሳንቃዋ አሳልፎ ወደ ውኃ የሚያወርድ፣ ጫፉ ላይ ፕሮፔለር የተሰካበት ብረት አለ። ፈረንጆቹ ስተርንድራይቭ ይሉታል፤ እኛ ግቢ ግን ስሙ እግር ነበር። አዲሱ ሞተር መቶ ስልሳ የፈረስ ጉልበት ስላለው ከአሮጌው እግር ጋር ቢገጠም የማርሹን ጥርስ ያረግፈዋል። ስለዚህ አዲስ እግር መመረጥ ነበረበት። ለዚህ ነው ገመቹ ወደ ግቢያችን የመጣው።

ገመቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ የሚኖሩት የአቶ ወዬሳ ልጅ ነው። ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ሞተር ተምሮ ያን ጊዜ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። እሱ ሳንቃውን ይለካል፤ እኔ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ተቀምጬ ካታሎግ አነብለታለሁ። መጀመሪያ «እርስዎ» ይለኝ ነበር። አንድ ቀን መፍቻ አቀብዪኝ ሲል «አንቺ» ብሎኝ ደነገጠ፤ እኔም መፍቻውን ይዤ ቆየሁ።

«ቤይሩት ጀልባ ነድተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ ሌላ ቀን።

«ሲነዳ ተቀምጬ አውቃለሁ።»

«ማን ነበር የሚነዳው?»

«ይኼ ለእግሩ ምርጫ ያስፈልጋል?»

«ክብደት ለማስላት ነው» አለ፣ ዓይኑን ከሳንቃው ሳያነሳ። ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር።

በኅዳር ምርጫው ሁለት ላይ ደረሰ። አንደኛው እግር ትንሽ ነው፤ አስመራ፣ አንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል፤ በአባቴ መኪና በሳምንት ይደርሳል። ሁለተኛው ትልቅ ነው፤ ሁለት መቶ ፈረስ ይችላል፤ የሚመጣው ግን ከአውሮፓ ነው። ያን ጊዜ የሱዌዝ ቦይ በጦርነት ተዘግቶ ስለነበር መርከቦች አፍሪካን ዞረው ነው አሰብ የሚደርሱት። ከአራት ወር በፊት አይታሰብም። ትልቁ ከታዘዘ እኔ ጥርን እዚሁ አሳልፋለሁ፤ የቤይሩቱም ሥራ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ሦስታችንም ይህን እናውቅ ነበር። ማናችንም አላነሳነውም።

«ካታሎጉ ትንሹ የሚችለው መቶ ሃምሳ ነው ይላል» አልኩ የመጨረሻው ቅዳሜ፣ አባቴ አጠገባችን ቆመው ሲሰሙ። «ሞተራችን ደግሞ መቶ ስልሳ ነው። ያለ ጥርጥር ትልቁ ነው የሚሻለው።»

ገመቹን አየሁት። አዎ እንዲለኝ ጠበቅሁ። እሱ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ።

«ካታሎጉን የጻፉት ከባሕር ጠረፍ ተቀምጠው ነው» አለ። «ከቤይሩት የመጣሽ ሰሞን የቀራንዮን ዳገት እንዴት ወጣሽው?»

«እያረፍኩ፣ እያለከለክሁ።»

«ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ሞተርም ይተነፍሳል። ላንጋኖ ላይ ከኃይሉ ከስድስት አንድ እጁን ያጣል፤ ከመቶ ሠላሳ ብዙ አያልፍም። ትንሹ እግር ይበቃዋል። ሞተሩ ሁለቴ ሲዞር እግሩ ፕሮፔለሩን አንዴ ነው የሚያዞረው፤ ትንፋሽ ላጠረው ሞተር ደግሞ እንደዚያ ይሻላል። ትልቁ ከባድ ነው፣ ጋሼ። ኋላዋን ወደ ታች ይጎትታታል እንጂ አያስሮጣትም።»

አባቴ ፂማቸውን አሻሹ። «ትልቁ ይታዘዝ» አሉና ወደ ቤት ገቡ።

ገመቹን እስከ በሩ ሸኘሁት። ባሕር ዛፎቹ ይንሿሿሉ።

«ምነው እንደዚህ ቸኮልክ?» አልኩት።

«ለምኑ?»

«እኔን ለመሸኘት።»

ጫማው ላይ የተጣበቀውን ጭቃ በድንጋዩ ጠርዝ ይፍቅ ጀመር።

«ትልቁ ይሻላል ብል እንደምትቀሪ አውቃለሁ» አለ። «ሳምንቱን ሙሉ እሱን ለማለት ስለማመድ ነው የከረምኩት። ከአፌ አልወጣ አለኝ።»

«ለምን?»

«ከዓመት በኋላ አንድ ቀን ሲከፋሽ፣ ያስቀረኝ የገመቹ ውሸት ነው እንድትይ አልፈልግም። ቅሪ የምልሽ ከሆነ ራሴ ልበልሽ። መርከብ አይበልልኝ።»

«ታዲያ በለኛ።»

«ቃል ገብተሽ ታስረሽ? መጀመሪያ ጀልባዋ ውኃ ትንካ። መንገድሽ ሲከፈት እጠይቅሻለሁ።»

ተናድጄ በሩን ዘጋሁበት። ቆሜ እርምጃው እስኪርቅ አዳመጥኩ። ጥሎኝ የሄደ ሰው ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ይኼ ግን የሚጎዳውን እያወቀ እውነቱን የነገረኝ ሰው ነበር፤ ምን እንደማደርገው አላወቅሁም።

አባቴን ሳሎን አገኘኋቸው። ሬዲዮኑ ተከፍቷል፤ እየሰሙት አልነበረም።

«አባዬ፣ ገመቹ ያለው ልክ አይደለም?»

«ልክ ነው።»

«ታዲያ ትልቁን ለምን?»

ሬዲዮኑን ዘጉት። «ከአሰብ ጭነት ሳመላለስ ዕድሜዬን ጨረስኩ። መርከብ በሰዓቱ የገባበትን ቀን አላስታውስም» አሉ። እኔን ሳያዩ ጨመሩ፤ «እናትሽ ሄደች። አንቺ ደግሞ ጥር ላይ። ብቻውን የሚቀር አባት ምን ያድርግ፣ መርከብ ይዘግይልኝ አለ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቤይሩት የሄድኩት ፈተናውን ስላለፍኩ ነው። የተመለስኩት ትምህርቱ ስላለቀ ነው። አንድም ጊዜ መርጬ የትም ሄጄ አላውቅም፤ መርጬ የትም ቀርቼ አላውቅም። ለዚህ ሊሆን ይችላል የትም ስሆን ሌላው ቦታ የሚሻል የሚመስለኝ። አሁን ደግሞ አንድ ብረት በባሕር ላይ እየተንከባለለ ቆይቶ እንዲወስንልኝ ልጠብቅ ነው።

«ትንሹን ያስመጡ፣ አባዬ» አልኩ።

«ትሄጃለሽ ማለት ነዋ።»

«አላውቅም። በሩ ተዘግቶብኝ ግን ላውቀው አልችልም።»

እጄን ይዘው ብዙ ቆዩ። በማግስቱ ሾፌራቸውን ወደ አስመራ ላኩ።

ያች ጀልባ ዛሬ የለችም። ዘመኑ ሲገለበጥ ከጭነት መኪናዎቹ ጋር ተወሰደች፤ ማን ዘንድ እንደገባች አልሰማንም። ባሕር ዛፎቹም ተቆርጠው በቦታቸው ቤት ተሠርቷል። በዚያ ስናልፍ ሁለታችንም ቀስ እንላለን።

የዚያ ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ግን ላንጋኖ ላይ ነበረች። መጀመሪያ አባቴ ነዷት። አፍንጫዋ ብድግ አለና ወዲያው ተስተካከለች፤ ቡናማው ውኃ ከሥሯ እንደ ጨርቅ ተቀደደ። አባቴ የእናቴን ስም አንዴ ጠሩ፤ ከዚያ ወደ ዳር መለሱን። ዳር ሲወርዱ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ።

«ነፋሱ ነው» አሉ። «ገመቹ፣ አንድ ዙር ደግማት። ልጅቱንም ይዘሃት ውጣ።»

ሐይቁ መሐል ገመቹ ሞተሩን አጠፋው። ዝምታው ጆሮዬን ሞላው። ጀልባዋ በራሷ ትንሽ ሄዳ ቆመች።

«ቃልሽን ፈጽመሻል» አለ። «ከአሁን ወዲያ የሚያስርሽ የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ቅሪ፣ ኮከብ።»

ለምን እንደምቀር፣ ምን እንደሚያደርግልኝ አልደረደረም። እኔም ጥርጣሬዬን ፈለግኩት፤ ነበረ፣ የትም አልሄደም። ግን መሄድ ስችል፣ እዚያ እንጨት ላይ መቀመጤ ደስ ብሎኝ ነበር። ይኼኛው ደስታ የራሴ ምርጫ ነበር።

«ሰኞ ከተማ ትወስደኛለህ?» አልኩት። «ለጥር የቆረጥኩትን የቤይሩት ቲኬት ልመልስ ነው፤ ብቻዬን ከሄድኩ እፈራለሁ።»

እጁን ዘረጋ። ቅባት ነበረበት፤ ሊጠርገው ሲል ያዝኩት። እንደዚያ ሆነን ምን ያህል እንደቆየን እንጃ። ወደ ዳር ስንዞር አባቴ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ውኃው ውስጥ ገብተው ነበር፤ ኮፍያቸውን እያውለበለቡ ይጣራሉ። ድምፃቸው በሐይቁ ላይ እየተንሳፈፈ ደረሰን።

«እግሩ ተሰበረ አይደል? ትልቁን ብዬ ነበር እኮ፣ ገመቹ። ትልቁን ብዬ ነበር።»