ፀሐይ የሚገባው ክፍል

«ዩኒፎርምሽን ልበሺ» አላት አባቷ፣ ቅዳሜ መሆኑን እያወቀ። ሊከራይ የመጣ ሰው ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ በሩን ስትከፍትለት ልቡ ይረጋል ባይ ነው። ይህን ብልሃት ያገኘው ማታ ማታ ከሚያያቸው የቤት ኪራይ ቪዲዮዎች ሳይሆን ከራሱ ጭንቅላት ነው፤ ይኮራበታልም። «አስጎብኚዬ» ይላታል ሲያቆላምጣት። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ መቆላመጡ ደስ ማሰኘቱን ከተወ ቆይቷል።

አባቷ ኢንቨስተር ነው፤ ራሱን የሚጠራው እንደዚያ ነው። ሲጀምር ከግቢው ጀርባ ያለችውን አንዲት ክፍል አከራየ። ቀጥሎ የልጆቹን መኝታ ቤት፣ የራሱንም። ከዚያ ሳሎኑን በኮምፔንሳቶ ለሁለት ከፍሎ አከራየና ተበድሮ ማዶ ሰፈር ሁለተኛ ቤት ገዛ፤ እሱንም ከፋፍሎ አከራየው። ባለ ሁለት ቤቱ ቤተሰብ ግን ማድ ቤት ውስጥ ነው የሚተኛው፣ አራቱም ጭንቅላታቸውን ወደ ምድጃው አድርገው። ይህን እድገት ብሎ የሚጠራ ሰው ሊያፍር ይገባዋል። አባቷ አያፍርም። «አባዬ ቀጥሎ ምድጃውን ሳያከራየው አይቀርም» ትላለች ታናሽ እህቷ፤ ማንም አይስቅም። የክፍል ጓደኞቿ ደግሞ «ዲታዋ» ይሏታል።

አሁን ሦስተኛ ቤት ሊገዛ ነው። እሱ ሲገዛ ሳሎኑ ይመለሳል፣ ለእሷም መስኮቱ ሥር የማጥኛ ጠረጴዛ ይገባላታል ብሎ ቃል ገብቷል። ሻጩ ከሰኞ በላይ አይጠብቅም። የጎደለው የኋለኛዋ ክፍል የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ነው።

የኋለኛዋ ክፍል ግድግዳ ውሃ ያሰርጋል። እስካለፈው ወር ልብስ ሰፊዋ ከትንሽ ልጇ ጋር ነበረችበት። ልጁ ክረምቱን ሙሉ ሲስል ልጅቷ ማድ ቤት ተኝታ ትሰማው ነበር። ልብስ ሰፊዋ ስትለቅ አባትየው ስትገባ ያስያዘችውን ገንዘብ አልመለሰላትም፤ ግድግዳውን ያሻገትሽው አንቺ ነሽ፣ እርጥብ ልብስ ቤት ውስጥ እያሰጣሽ፣ አላት። ሴትዮዋ ማሽኗን በጋሪ አስጭና ሄደች። እሱ ሻጋታውን በቀለም ሸፈነው፤ ሻጋታው በሳምንቱ ተመለሰ። ያኔ ቁም ሳጥን አቆመበትና የግቢው በር ላይ «ደረቅ፣ ፀሐይ የሚገባው ክፍል» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ።

ረፋድ ላይ የመጣችው ዳቦ ቤት የምትሠራ ወጣት ሴት ናት፣ ጨቅላዋን ታቅፋ። ደላላ ሲያዞራት እንደሰነበተ አቧራ የጠጣው ጫማዋ ያስታውቃል። አባቷ መስኮቱን ከፍቶ አሳያት፣ ስለ ውሃው ስለ መብራቱ ነገራት። ከዚያ «ይቺ ልጄ ያደገችው እዚህ ክፍል ውስጥ ነው» ብሎ ጨመረ። ልጅቷ እዚያ ክፍል አንድም ሌሊት አድራ አታውቅም። ሴትዮዋ የስድስቱን ወር ለመክፈል ተስማማች። በዚያው ስልክ ጠራና አባቷ ወደ ግቢው ወጣ። ሻጩ ነበር።

ሴትዮዋ ክፍሉን ቃኘት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እህቴ፣ እንደው ስሞትልሽ፣ ክረምት ላይ እንዴት ነው? ይሄ ልጅ ደረቱ ደካማ ነው።»

ከውጭ የአባቷ ድምፅ ይሰማል። ሰኞ ጠዋት፣ ያለ ጥርጥር፣ እያለ ይስቃል። እንዲህ ሲስቅ ከሰማችው ብዙ ጊዜ ሆኗታል። ጠረጴዛው ታያት፤ መስኮቱም።

«ሳጥኑን አብረን እንግፋው» አለች።

ሲገፉት ሽታው ቀድሞ ወጣ። ግድግዳው ከወለሉ እስከ ወገባቸው ጠቁሯል፤ ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ተልጧል። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። የልጇን ፊት በሻርፗ ሸፈነችና «እግዜር ይስጥሽ» ብላ ወጣች። በአባትየው አጠገብ ስታልፍ ቀና ብላ አላየችውም።

አባቷ ስልኩን እንደያዘ ገባ። ግድግዳውን አየ፣ እሷን አየ። ቢጮህ ይቀላት ነበር።

«ባንቺ ዕድሜ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አከራይ ዕቃችንን ዝናብ ላይ አውጥቶብን ውጭ አድሬያለሁ። የእኔ ልጆች ያንን እንዳያዩ ነው የምሮጠው።»

«የሰው ልጅስ?»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከሰዓት ሌላ ተከራይ እንደሚመጣ፣ እሷ ሄዳ ለፈተናዋ ብታጠና እንደሚሻል፣ ማስጎብኘቱን እሱ ራሱ እንደሚያውቅበት ነገራት። ከዚያ ሳጥኑን ለመመለስ ትከሻውን አስደገፈ። ከባድ ነው፤ ብቻውን አልሄደለትም።

«በዚያ በኩል ያዢ» አላት።

ልጅቷ በሳጥኑና በግድግዳው መካከል ገብታ ቆመች። እርጥበቱ በሸሚዟ አልፎ ጀርባዋን ነካት። እጆቿን አጣምራ ጠበቀች።