የታጠበው ባንዲራ

ያንን ባንዲራ ፋሪሃ ሦስት ዓመት ሙሉ ለማንም አላስነካችም። ካርቱም ሳጃና ሰፈር ውስጥ ተቀጥራ በምትሠራበት የፎቶ ኮፒ ሱቅ፣ ከወረቀት ካርቶኖቹ ጀርባ፣ በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ሸሽጋዋለች። ቤት እንዳታስቀምጠው እናቷን ፈራች፤ እንዳትጥለው አንጀቷ እምቢ አለ። የሱዳን ባንዲራ ነው። ነጩ መደብ ላይ መዳፍ የሚያክል የደረቀ ደም አለበት።

በሰኔ ወር አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የሱዳንና የኢትዮጵያ የድንበር ጠብ በተጋጋለበት ሰሞን፣ ባንዲራ የለበሱ ወጣቶች እየፎከሩ በሱቋ በር ማለፍ ጀመሩ። የሐበሻ ሻይ ቤቶች በራቸውን ዘጉ። ፋሪሃም የብረት መዝጊያውን እስከ ግማሽ እንዳወረደችው አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ገባ። ልብሱ በሲሚንቶ አቧራ ነጥቷል፤ የአንድ እግሩ ጫማ የለም።

«እህቴ፣ አይተውኛል፤ እየመጡ ነው» አለ በአማርኛ። ሌላ የሚያውቀው ቋንቋ ያለ አይመስልም።

ሱቋ መደበቂያ የላትም። አንድ ማሽን፣ አንድ ወንበር፣ ጥቂት ካርቶን። ፋሪሃ አላሰበችበትም። ፌስታሉን ፈትታ ባንዲራውን ትከሻው ላይ ጣለችበት።

ሰውየው ፍም የነካው ይመስል ዘለለ። «አንሺልኝ! ይኼን ነገር አንሺልኝ!»

«ያ ዞል፣ ኻላስ! ዝም በል! ትሞታለህ አንተ!» አማርኛዋን ከእናቷ አፍ የለቀመችው ስለሆነ፣ ስትደነግጥ ዓረብኛው ይቀድማታል። ክንዱን ይዛ ወጣች።

ሰልፈኞቹ መሀል ሲገቡ አንድ ወጣት የሰውየውን ፊት ትኩር ብሎ አየ፤ ከዚያ ባንዲራውን አየና ሁለት ጣቱን ቀስሮ አለፈ። ፋሪሃ ከሁሉም በላይ ጮኸች። የምትጮኸው እሷንና እናቷን ከዚህ አገር ውጡ የሚል ቃል መሆኑን እያወቀች ጮኸች። ወደ ዴም ሰፈር መገንጠያው ላይ ግፊያው ለያያቸው። ዞር ስትል ሰውየውም የለም፣ ባንዲራውም የለም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ መገንጠያው ላይ ባንዲራውን ስትፈልግ አመሸች።

እናቷ ሬሕማ የወሎ ሴት ናት። ከሠላሳ ዓመት በፊት ሱዳን ገብታ ከወንዙ ማዶ ካፉሪ ሰፈር ባለ ትልቅ ቪላ ተቀጠረች፤ ፋሪሃም የተወለደችው በዚያው ግቢ የኋላ ክፍል ውስጥ ነው። የቪላው እመቤት ሲት ሉጥፊያ አንድ ልጅ ብቻ ነበራት፤ ነጂብ። ሁለቱ አብረው አደጉ፣ አድገውም ከሰው ተደብቀው ተዋደዱ።

ወጣቱ ሁሉ አደባባይ ሰፍሮ ለውጥ ሲጠይቅ በሰነበተበት ዓመት፣ ነጂብ ባንዲራውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላትና «ከእንግዲህ አገር አለሽ» አላት። በየቢሮው ጂንሲያ እየተጠየቀች፣ የዜግነት ወረቀት የላትምና ባዶ እጇን ስትመለስ የኖረች ልጅ ናት፤ አመነችው። መዝሙሩ ሲዘመር አለቀሰች። በረመዳን መጨረሻ፣ አንድ ንጋት ላይ ተኩስ ተከፈተ። ነጂብ ግንባሩ ተፈንክቶ ነበር። ደሙን በባንዲራው ጠረገና መልሶ አለበሳት። «ሩጪ፣ እከተልሻለሁ» አላት። ሮጠች። አልተከተላትም። ሬሳው እንኳ አልተገኘም።

ሲት ሉጥፊያ በየሆስፒታሉ ስትንከራተት ፋሪሃ አብራት ተንከራትታለች። አብሬው ነበርኩ፣ ትቼው ሮጥኩ የሚለው ቃል ግን ከአፏ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ባንዲራ ሲውለበለብ ባየች ቁጥር ደረቷ ይሞቃል፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷን ታዞራለች። በሰው መሀል ነጂብን ከጀርባው የምታየው ጊዜም አለ።

ከሰልፉ በአሥራ አንደኛው ቀን ሰውየው ሱቋ ተመለሰ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። በሁለት እጁ የያዘውን እሽግ ማሽኑ ላይ አኖረ።

«ያረጋል እባላለሁ» አለ። «ነፍሴን ነው ያተረፍሽው። እንዲሁ ጠቅልዬ ላመጣልሽ አልፈለግሁም። ደም ነበረበት፣ አጥቤዋለሁ።»

ፋሪሃ እሽጉን ፈታችው። ነጩ መደብ ፈክቷል። አገላበጠችው፤ ወደ ብርሃኑ አቀረበችው፤ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። ሳሙና ብቻ ይሸታል።

«ምንድነው ያደረግከው?» አለች። «ከሱ የቀረኝ እኮ ይኼ ነው! ይኼ ብቻ ነው!»

በጥፊ መታችው። ፊቱን አላዞረም። ምን እንዳደረገ ያን ጊዜ ገባው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። «ደም ያለበት ባንዲራ ሳይ እጄ አርፎ አይቀመጥም። ሥራዬ ነበር።»

ወጥቶ ሄደ። ቃሉ ግን ሱቁ ውስጥ ቀረ። የሦስት ዓመት ደም እንዲህ አሻራ ሳይተው አይለቅም። ሥራዬ ነበር ማለት ምን ማለት ነው?

ሦስት ሳምንት ታግሣ፣ ከዚያ የቀን ሠራተኞችን እየጠየቀች ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር ፈልጋ አገኘችው። አንድ ፎቅ ላይ ግድግዳ እየለሰነ ነበር። ለምሳ ሲወርድ ኒም ዛፍ ሥር ከምትቀመጠው ሻይ ሻጭ ዘንድ ወሰደችው።

«ንገረኝ። እንደዚያ ማጠብ ማን አስተማረህ?»

ሻዩ በእጁ ላይ ቀዘቀዘ።

«ወታደር ነበርኩ» አለ በመጨረሻ። «አገሬ ላይ በነበረው ጦርነት። የእኔ ምድብ ሬሳ ቀባሪ ነው። ስድስት ባንዲራ ነበረን፤ የሚሞተው ግን ስድስት ብቻ አይደለም። ሟቹን እናለብሰዋለን፣ ጸሎት ይደረጋል፣ አፈር ሳይመለስ ባንዲራውን እናነሳለን። ለነገው ሟች መታጠብ አለበት። አጣቢው እኔ ነበርኩ። በቀዝቃዛ ውሃና በጨው ነው፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ያጣብቀዋል።»

ፋሪሃ ብርጭቆዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«አንዱዓለም የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ሲሞት የለበሰውን አጥቤ አሰጣሁት፤ በማግስቱ ሌላ ልጅ ላይ ተጣለ። ያን ዕለት ከከተማ እንግዶች መጡ። በካውያ የተተኮሰ አዲስ ባንዲራ ትከሻቸው ላይ አድርገው ዘፈኑ፣ ፎቶ ተነሡ። እኔም አጨበጨብኩ። የሚገርምሽ፣ እንባዬ መጣ፤ የእውነቴን ነበር፣ አገሬን እወዳለሁ። ከዚያ እንግዶቹ ሲሄዱ ስድስቱም አጥር ላይ ተሰጥተው አየኋቸው። እንደተሰጡ ትቻቸው በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ጠፋሁ። በነፋስ ሲርገበገቡ ዛሬም ይሰማኛል።»

ፋሪሃ ሲሚንቶ ያሰነጠቀውን ጣቱን በጣቷ ጫፍ ነካችው። ሁለቱም ወደዚያ ጣት አዩ፤ ከዚያ ተያዩ። ዓይኗን መጀመሪያ የሰበረችው እሷ ነበረች።

በነጋታው ሱቋ መጣ። በሌላውም ቀን መጣ። ዓረብኛ ታስተምረዋለች፤ እሱ አማርኛዋን ያርምላታል። «አንተ መቼ መጣሽ?» ስትለው እስኪያመው ይስቃል፤ ሲስቅ ሌላ ሰው ይሆናል። አንዳንድ ዓርብ በዓባይ ዳር ይሄዳሉ። መንገዱ ላይ ባንዲራ የተሰቀለ እንደሆነ፣ ነፋስ ሲነሣ የያረጋል ድምፅ ይጠፋል። ያን ጊዜ ፋሪሃ ምንም ሳትል ጎን ትቀይርና በእሱና በባንዲራው መካከል ትሄዳለች። እሷም የጀመረችውን ወሬ አቋርጣ የአንድ መንገደኛ ጀርባ ላይ ፈዝዛ ስትቀር፣ እሱ አይጠይቃትም። እስክትመለስ ቆሞ ይጠብቃታል።

«ላገባሽ እፈልጋለሁ» አላት አንድ ቀን፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

«በመካከላችን ሰው አለ።»

«አውቃለሁ፤ ስለ ነጂብ ነግረሽኛል። ቆይ፣ ባንዲራው አንቺ ጋ መሆኑን እናቱ ታውቃለች?»

«አታውቅም» አለች።

ለእናቷ ስለ ያረጋል ስትነግራት ሬሕማ እያጠፈችው የነበረውን ልብስ አስቀመጠች። «ክርስቲያን መሆኑ አይደለም የሚያስፈራኝ፤ ወሎ ላይ ስንቱ ተጋብቶ ይኖራል። ሁለታችሁም ከሞተ ሰው ጋር መኖራችሁ ነው የሚያስፈራኝ። ያን ዕለት ንጋት ከየት እንደመጣሽ የማላውቅ መሰለሽ? በባዶ እግርሽ ነበር የገባሽው፣ ልጄ። ሲት ሉጥፊያ ዘንድ ሂጂ። ሳትሄጂ አልመርቅሽም።»

በየካቲት ወር አንድ ረፋድ ላይ ፋሪሃና ያረጋል ባንዲራውን ይዘው ካፉሪ ሄዱ። የነጂብ ፎቶ ሳሎኑ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ዙሪያው ግን አንድም ባንዲራ የለም። በየዓመቱ ባንዲራ ይዘው፣ የሸሂድ እናት፣ የሰማዕት እናት እያሉ እየዘመሩ ለሚመጡት ሲት ሉጥፊያ በር አትከፍትላቸውም።

«እኔ የሸሂድ እናት ሲሉኝ ደስ ይለኛል፣ ደግሞም ያቅለሸልሸኛል» አለች በዓረብኛ፣ ገና ሳይቀመጡ። «ልጄን የት እንደጣሉት የሚነግረኝ ግን የለም።»

ፋሪሃ መሬት ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም ተናገረች። ባንዲራውን፣ ደሙን፣ ሩጫውን። ሲት ሉጥፊያ ጨርቁን ተቀብላ ፊቷን ቀበረችበት።

«ሽታው የለም» አለች።

በሩ አጠገብ የቆመው ያረጋል በተሰባበረ ዓረብኛ «እኔ ነኝ። አጠብኩት። አላወቅሁም» አለ።

ሲት ሉጥፊያ ቀና አለች። «እንዴት አጠብከው?»

ፋሪሃ ተረጎመችለት። እሱም አንድ በአንድ ተናገረ። ግማሽ ቀን በቀዝቃዛ ውሃ እንደዘፈዘፈው፣ ጨው ነስንሶ በብሩሽ ሳይሆን በአውራ ጣቱ እንዳሸው፣ ውሃውን ደጋግሞ እንደቀየረ፣ ሳይጨምቅ ጥላ ውስጥ እንዳሰጣው።

«ስታጥበው ምን ታስብ ነበር?»

«ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር፣ እናቴ። ግን እናት እንዳለው አስብ ነበር። ቀስ ብዬ ነው ያጠብኩት።»

ፋሪሃ ይህንንም ተረጎመች።

«ሸሂድ በደሙ ይቀበራል እንጂ አይታጠብም ይሉኛል» አለች ሲት ሉጥፊያ። «ይበሉ። እኔ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ልጄን ማን አጠበው፣ እጁ ከባድ ይሆን፣ ወይስ ወንዙ ነው ያጠበው እያልኩ ስኖር። ና ወዲህ።» የያረጋልን የተሰነጠቀ እጅ ይዛ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ከዘመቻው ወዲህ አልቅሶ የማያውቀው ሰው ተንበርክኮ አለቀሰ።

ወደ ፋሪሃ ዞረች። «እንደምትዋደዱ አውቅ ነበር። የሠራተኛ ልጅ ለልጄ አትሆንም ብዬ ዝም አልኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ። ሩጪ ያለሽ እሱ ነው፤ በሰማሽው ምን አጠፋሽ?»

ባንዲራውን ግድግዳ ላይ አልሰቀለችውም። አጣጥፋ የነጂብ ሸሚዞች መሀል አስቀመጠችው።

ከሁለት ወር በኋላ ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሣ። ሳጃና ላይ ውሃ ጠፋ፣ ዳቦ ጠፋ፤ ጥይት ጣሪያ ይበሳ ጀመር። ወደ መተማ የሚሄድ አውቶቡስ ተገኘና ሬሕማ ቦታ አገኘች። ፋሪሃ ድንበር የሚያሻግራት ወረቀት የላትም፤ ያረጋል ደግሞ የጠፋ ወታደር ነው፣ ቢሻገር ይያዛል። ሹፌሩ ተሳፋሪዎቹ የውጭ አገር ሰዎች መሆናቸው ከሩቅ እንዲታወቅ የኢትዮጵያን ባንዲራ ጣሪያው ላይ ማሰር ፈለገ። ተኩሱ ቅርብ ነበርና የሚወጣለት ሰው ጠፋ።

ያረጋል ባንዲራውን ቆሞ አየው። ከዚያ ከሹፌሩ እጅ ተቀብሎ በመሰላሉ ወጣ። ፋሪሃ ከታች ሆና ስታየው አራቱንም ጫፍ ጠበቅ አድርጎ አሰረ።

ሲወርድ ላብ አጥምቆታል። «ለሕያው ሰው ሳለብስ የመጀመሪያዬ ነው» አላት።

ሬሕማ በመስኮት እጇን ዘርግታ የሁለቱንም ራስ ዳበሰች። «ውለዱ ክበዱ። ክፉ አይንካችሁ» አለች። አውቶቡሱ ሄደ።

ሲት ሉጥፊያን አብረን እንውጣ ብለው በስልክ ለመኗት። «ልጄ ድንገት ቢመጣ በሩን ማን ይከፍትለታል?» አለቻቸው። ከዚያ መስመሩ ጠፋ፤ ወደ ካፉሪ የሚያሻግሩት ድልድዮችም ተዘጉ። ሁለቱ በጭነት መኪና፣ ከአምስት ቀን መንገድ በኋላ በስተምሥራቅ ገዳሪፍ ከተማ ደረሱ። እዚያ ባገኟቸው የወሎ ሽማግሌዎች ፊት ተጋቡ። ሠርግ የለም፣ ዘፈን የለም፤ አንድ ሳህን ፉል ለስምንት ሰው ቀረበ።

ፋሪሃ ዓርብ ዓርብ ካፉሪ ትደውላለች። ወራት አለፉ፤ ስልኩ ዝግ ነው። በጥቅምት አንድ ዓርብ ግን ጠራ። ጠራ፣ ጠራና ተነሣ። የሚናገር ሰው የለም። ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፤ ከትንፋሹም ኋላ የሩቅ ከባድ መሣሪያ።

«ኻልቲ ሉጥፊያ? ፋሪሃ ነኝ።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

«ኻልቲ፣ እኔና ያረጋል ተጋባን።»

ትንፋሹ ቆመ። ያረጋል ተጠግቶ ጆሮውን ከስልኩ ጀርባ አደረገ። ከዚያም በዚያ ትልቅ ባዶ ቤት ውስጥ፣ በደከመና በተሰነጠቀ ድምፅ፣ አንዲት እናት ብቻዋን እልል አለች። አንዴ፣ ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ መስመሩ ተቋረጠ።