የሙሽራው ኮት ዋጋ

ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን ሰፈርተኛው «ማር ምላስ» ይለዋል፤ እኔም እያወቅሁ ገባሁበት። የልብስ ስፌት ሱቆቻችንን የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። ካውያዬ የተቃጠለ ቀን የራሱን ይዞልኝ መጣ። አስቀምጦት መሄድ ሲችል ቆሞ ስሰፋ ሲያየኝ ዋለ። እንደዚያ አድርጎ ያየኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሥራ በዛብኝ እያለ እንድሰፋለት ኮት ያመጣልኝ ጀመር፤ ለአንዱ ሁለት ሺህ ይከፍለኛል። ዋጋ ልጨምር ባልኩ ቁጥር ታዲያ እጄን ይዞ ይመክረኛል።

«የኔ ቆንጆ፣ ሴት ሰፊ ዋጋ ካስወደደች ደንበኛ ይሸሻታል። ለአንቺው አስቤ ነው።»

አመንኩት፤ ላግባሽ ሲለኝም እሺ አልኩ። አክስቴ፣ የሚያስብልሽ ሰው ትርፍሽን አይጠላም ብትለኝ አኮረፍኳት። ሰርጋችን ሁለት ወር ሲቀረው የሙሽራ ልብሱን ራሴው ልሰፋለት ጨርቁን ቆረጥኩ።

ልብሱን በጨረስኩ ሰሞን አንድ ጡረተኛ መምህር ቁልፍ ላስተክል ብለው ገቡ። ኮታቸውን ስገለብጠው ከገበሩ ሥር ቀይ የክር ቋጠሮዬን አየሁት። የሰፋሁትን ሁሉ እንደዚያ እቋጥራለሁ። ማን ሰፋልዎት ብላቸው፣ ጎረቤትሽ ነዋ፣ እጁ ይባረክ አሉኝ።

«ለስፌቱ ስንት ከፈሉ፣ አባባ?»

«ስድስት ሺህ። ውድ ነው ልጄ፣ ግን ወንድ ሲሰፋው ሌላ ነው።»

ቁልፋቸውን ተክዬ ሸኘኋቸውና አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ገንዘቡስ ይሁን፤ ያንገበገበኝ ምክሩ ነው።

በማግስቱ ልብሱን ሊለካ መጣ። ልክክ አለለት። እግዜር ያውቃል፣ ያምር ነበር። ለእጄ ስድስት ሺህ አልኩት። ሳቀ። አለመሳቄን ሲያይ ገበሩን ገልጦ ቋጠሮውን ተመለከተና በምን እንደነቃሁ ገብቶት ፊቱ ተለዋወጠ።

ትርፉን ለቤታችን ብዬ ነው ያስቀመጥኩት አለኝ፤ ደግሞም ለሴት ያን ያህል የሚከፍል የለም።

«አንተ ክፈለኝና አንድ ይገኛል» አልኩት።

ሆዴ፣ እሺ ይበል፣ እሺ ይበል እያለ ይለምን ነበር። ኮቱን ቀስ ብሎ አወለቀ።

«ትንሽ አትቀንሺም?»

ሰርጉ ቀረ። ኮቱ መስኮቴ ላይ ተሰቅሏል፣ ዋጋው ተጽፎበት፤ እያዩት የሚገቡ ደንበኞችም ያንኑ ይከፍሉኛል። ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናው ድምፅ ሲቋረጥ ግን ዛሬም እጄ ሥራ ያቆማል። ምን ላድርግ፣ ወድጄው ነበር።