ወፍራሙ ታይት

ሬሳው የተገኘው ከሩጫ ክለቡ ጀርባ ባለው ጫካ፣ የልምምዱ መንገድ በሚታጠፍበት ቦታ ነበር። ያገኛት የጫካው ጥበቃ ነው፤ ፀሐይ ከወጣች ቆይታለች፣ ጥላው ሥር ያለው አመዳይ ግን ገና አልቀለጠም። ሟቿ የክለቡ ተስፋ የምትባለው ሯጭ ነበረች። በጎኗ ተጋድማለች። ጥቁሩ የሩጫ ታይቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተስተካክሎ ተስቧል፤ የወገቡ ገመድ በጎን በኩል ተቋጥሯል።

ኢንስፔክተሯ ስስ ሱሪ ለብሳ በመምጣቷ ራሷን እየረገመች፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እግሯ እየቆመች ሬሳውን አየችው። ብርድ የማይበግራት ሴት ነኝ ትል ነበር። ያን ቀን ጥርሷ ሲንገጫገጭ ሰው እንዳይሰማባት አፏን ጥርቅም አድርጋ ዘጋች።

«ልቧ ነው» አለ አሰልጣኙ። «ስትሮጥ ቀጥ አለባት።»

«ብቻዋን ነበር የምትሮጠው?»

«ዛሬ ልምምድ የለም። ማታ የአየር ትንበያውን ስሰማ አመዳይ ይጥላል አሉ፤ መሬቱ ያንሸራትታል ብዬ ሰረዝኩት። ለሯጮቹ በሙሉ ደወልኩ። እሷ ብቻ አላነሳችም።»

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ እጇን በታይቱ ወገብ ውስጥ አስገባች። ውስጡ ለስላሳና ሙቀት የሚይዝ ጨርቅ ነው፤ እንደተሰቀለ ልብስ ደረቅ ነው። የሮጠ ሰው ላብ አልነካውም።

እኩለ ቀን ላይ የሆስፒታሉ ሐኪም ደወለ።

«ልቧ ጤነኛ ነው። ዳሌዋ ላይ የመርፌ ቀዳዳ አለ። ከባድ ማስታገሻ፣ ከልኩ ያለፈ። ራሷን ስታለች።»

«እና ማስታገሻው ገደላት?»

«ብቻውን አይገድላትም ነበር። ጫካ ውስጥ ስትጋደም ትተነፍስ ነበር። የጨረሳት ብርዱ ነው።»

እናትየዋ ክለቡ በር ላይ፣ ወንበር ቢያቀርቡላትም እምቢ ብላ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ትከሻዋን አቅፎ የያዛት ልጇ የክለቡ ወጌሻ ነው። አባታቸው ሲሞት እህቱን አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው ይላል ሁሉም ሰው። እናትየዋ የኢንስፔክተሯን እጅ ይዛ አልለቅም አለች።

«ልጄ፣ ማን እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ። ሌላ ምንም አልለምንሽም። ማን እንደሆነ ካወቅሁ አንጀቴ ያርፋል።»

«እነግርዎታለሁ፣ እማማ» አለች ኢንስፔክተሯ። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ቆጫት።

ጥርጣሬው ያረፈው የሟቿ የመኝታ ክፍል ጓደኛ ላይ ነበር። ለትልቁ ውድድር በሟቿ ቦታ የምትሰለፈው እሷ ናት። የወጌሻው መድኃኒት ሣጥን ደግሞ ቁልፍ የለውም፤ ማንም ገብቶ ሊያወጣ ይችላል። ልጅቷ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች።

«ማታ የት ነበረች?»

«እናቴ ቤት አድራለሁ ብላኝ ወጣች።»

«እናቷ ጋ አልደረሰችም። ይህን ታይት ታውቂዋለሽ?»

«የሷ ነው። ግን ይሄንን ለብሳ አትሮጥም።»

«በዚያ ብርድ?»

«ብርድ ቢሆንም! ሯጭ የሚለብሰው ሲሞቀው የሚሆነውን አስቦ ነው። ሲወጡ ትንሽ ካልቀዘቀዘዎት በኋላ ጉድ ይፈላል። ታይቱ በላብ ይከብዳል፣ ከወገብ ይወርዳል፣ ስፌቱ ጭን ይልጣል። እሷ ደግሞ በታይት ነገር አትቻልም። ሱቅ ውስጥ ቁጢጥ ብድግ ትላለች፣ ጉልበቷን እስከ ደረቷ ትሰቅላለች፤ ወገቡ ንቅንቅ ካለ አትገዛም። ባለሱቁ ገና ከሩቅ ሲያያት ይደበቅ ነበር።» ልትስቅ ነበር፤ ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ።

«ታዲያ ወፍራሙን ለምን ገዛችው?»

«ከሩጫ በኋላ ቆመን መኪና ስንጠብቅ ትደርበዋለች። የምትሮጥበት ስሱ ነው። ያውና።»

መንጠቆው ላይ ስሱ ታይት ተሰቅሏል። አጠገቡ ያለው መንጠቆ ባዶ ነው። ኢንስፔክተሯ ሁለቱን መንጠቆዎች አፈራርቃ አየች። ጠዋት በስስ ሱሪዋ ስትንቀጠቀጥ እነዚህ ሁለት ታይቶች ፊቷ ተሰቅለው ቢሆን የቱን ታነሳ እንደነበር አሰበች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እናትየዋን ጨምሮ ሁሉንም ወጌሻው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ታይቱን መታሻው አልጋ ላይ ዘረጋችው።

«ልጅቷ ሮጣ አልሞተችም። ራሷን ከሳተች በኋላ ሌላ ሰው አልብሶ ወስዶ አጋደማት። ከዚያ ሰው ፊት ሁለት ታይት ተሰቅሎ ነበር፤ ሙቁን መረጠ። ለሩጫ ሳይሆን ለብርድ መረጠላት። ሯጭ ይህን አይሳሳትም፤ የክፍል ጓደኛዋ ብትሆን ስሱን ታለብሳት ነበር።»

አሰልጣኙ ተቁነጠነጠ። «እኔም አልሮጥም፤ በብርድ ቆሜ ነው የምውለው። እኔን ማለትሽ ነው?»

«አንተማ ልምምዱን ሰርዘሃል። ሙቅ ያለበሳት ሰው ሯጮቹ ማለዳ መጥተው እንዲያገኟት፣ እስከዚያ ብርዱን እንድትችል ፈልጓል። እንደማይመጡ አላወቀም። አንተ ታውቃለህ፤ ለሯጮቹም ደውለሃል። ያልደወልክለት ማነው?»

አሰልጣኙ ዞሮ ወጌሻውን አየው። ቀስ በቀስ ሁሉም አየው።

«ቋጠሮውም በጎን ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ራሱን የሚያለብስ ሰው ከፊት ያስራል። በጎን የሚያስረው የተኛ በሽተኛ በፋሻ የሚጠቀልል ሰው ነው።»

ወጌሻው አልካደም። የሚክድበት ጉልበት ያለውም አይመስልም።

«ማታ እግሯን አሟት እዚህ መጣች» አለ። «ለማንም አትንገር፣ መርፌ ውጋኝ አለችኝ። ወጋኋት። ከዚያ አልነቃ አለች። ሐኪም ቤት ብወስዳት ደሟ ይመረመራል። እሷ ከውድድር ትታገዳለች፣ እኔ እታሰራለሁ። ሲነጋ ልጆቹ ያገኟታል፣ ስትሮጥ ወድቃ ነው ይላሉ ብዬ... ቤቴ ገብቼ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። ማንም አልደወለም። የሞተች መስሎኝ ነው ጥያት የመጣሁት ብዬ ራሴን—»

«አልመሰለህም» አለች ኢንስፔክተሯ ዝግ ብላ። «ለሬሳ ሙቅ ልብስ አይመረጥም።»

ወጌሻው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ብርድ አይሆንላትም ነበር» አለ። «ከልጅነቷ ጀምሮ።»

የክፍል ጓደኛዋ ነፃ መውጣቷን ሰማች፤ የክለቡን ጃኬት አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለችውና ወጣች። የጠራትም አልነበረም።

ፖሊሶቹ ወጌሻውን ሲወስዱት እናትየዋ ተነሳች። ወደ አልጋው ሄዳ ታይቱን በመዳፏ ዳበሰችው፤ ኢንስፔክተሯም ማስረጃ ነው ብላ አልከለከለቻትም።

«ማን እንደሆነ ንገሪኝ ብዬሽ ነበር» አለች እናትየዋ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ነገርሽኝ።» ታይቱን አጣጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው። «ነገ ልጄን ስቀብር ማን ይደግፈኛል?»