ስድስተኛው አልጋ ላይ ያሳተምኩት ጣት

ፈጠራ ነው የሚል ይበል። እኔ ግን የደረሰብኝን ነው የምነግራችሁ። ፊደል ብስት ይቅርታ፤ በግራ እጄ ነው የምጽፈው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ስድስተኛው አልጋ ላይ በተኙት ሽማግሌ ላይ አርፋለች።

ነርስ ነኝ፤ ያላየሁት ቁስል የለም። የእኚያ ሽማግሌ ቀኝ እጅ ግን እስከ አንጓው ጠቁሮ... ሽታው ምሳዬን አስመለሰኝ።

ከመንገድ ዳር ነው የተነሱት። ዘመድ የላቸው፣ ጠያቂ የላቸው።

እጁ መቆረጥ አለበት ተባለ። ፈቃድ የሚሰጥለት ለሌለው ሰው ሦስት ሐኪሞች ተሰብስበው ነው የሚወስኑት። ደንቡ ነው።

"እነሱ እስኪሰበሰቡ ነገ ይሆናል" አለ ዶክተሩ፣ ብስኩት እያኘከ። "የፈቃድ ወረቀቱ ላይ ጣታቸውን አሳትሚና እንገላገል።"

"ራሳቸውን እኮ አያውቁም..." አልኩት በሹክሹክታ።

"ማን አላቸውና ማን ይጠይቀናል?"

ግራ እጃቸው ግሉኮስ ተተክሎበታል። ስለዚህ የበሰበሰውን አውራ ጣት ሰማያዊ ቀለም ቀባሁት። ለሁለት የሚከፍለው ጠባሳ አለው።

ወረቀቱ ላይ ጫንኩት።

ሳነሳው... ቆዳው ተልጦ ወረቀቱ ላይ ቀረ።

ያኔ ዓይናቸውን ገለጡ።

"አይሆንም... ተዪ ልጄ..."

እንዳልሰማ ሆንኩ።

እጃቸው ተቆረጠ። በሦስተኛው ቀን ሞቱ። ምናልባት መቆረጡ ግድ ነበር፤ እሱን አላውቅም። የሚያስጠላኝ እጁ አይደለም፣ ሽታውም አይደለም። እኔው ነኝ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል... ቱ!

ከዚያ ቀን ወዲህ አውራ ጣቴ ላይ የነካኝ ቀለም አልለቅ አለ። በሳሙና ፈተግኩት፣ በበረኪና ዘፈዘፍኩት። ወይ ፍንክች!

በዓመቱ ሆዴን አመመኝ። ትርፍ አንጀት ነው አሉ። ወላጆቼን ቀብሬያለሁ፤ ባልም ልጅም የለኝም። ብቻዬን ገባሁ።

ማደንዘዣው መላ ሰውነቴን ሲያዝለኝ አንዲት የማላውቃት ነርስ ወረቀት ይዛ መጣች።

"እኔው... እፈርማለሁ" አልኳት።

"ተፈርሟል እኮ። አባትሽ ናቸው የፈረሙት።"

አባቴ ከሞተ አሥር ዓመቱ ነው።

ወረቀቱን አስጠጋችልኝ። ያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው።

ሰማያዊ አሻራ... መሀሉን ጠባሳ የከፈለው። ዳሩ ላይ ጥቁር ቆዳ ተጣብቋል፤ ገና እርጥብ ነው።

ከሥሩ "የሚቆረጠው፦ ቀኝ እጅ" ይላል።

"አይሆንም..." አልኳት። "ተዪ..."

ነርሷ እንዳልሰማች ሆነች።