አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ

ሯጯ ሦስተኛውን ዙር ሳትጨርስ ሜዳው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። የስፖርት መምህሩ ፊሽካቸውን ከአፋቸው አወጡ። ከሁሉም ቀድማ አጠገቧ የደረሰችው ስትሮጥ ታይታ የማትታወቀው ጓደኛዋ ነበረች፤ ክፍሉ በሙሉ «ፕሮፌሰሯ» እያለ የሚጠራት።

ሯጯ ምንም አልሆንኩም፣ ዝም ብሎ ዞረብኝ ነው አለች። ከንፈሯ ግን አመድ መስሏል።

የትምህርት ቤቱ ነርስ የምትሠራበት ክፍል ከአንድ አልጋና ከአንድ ሚዛን ሌላ የማይዝ ጠባብ ክፍል ነው። ነርሷ የደም ግፊቷን ለካች፤ ሚዛን ላይ አቆመቻት፤ ምን እንደበላች ጠየቀቻት። ድንች። ትናንትስ? ድንች። ከትናንት ወዲያስ? ድንች ነዋ፣ ዛሬ አሥራ አራተኛ ቀኗ ነው። ነርሷ መነጽሯን አወለቀች።

«ድንች ብቻውን ለሰው ይበቃል ያለሽ ማነው?»

ሯጯ በአገጯ ደግፋ ወዳመጣቻት ጓደኛዋ አመለከተች፤ ያውም በኩራት። ፕሮፌሰሯ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮፌሰሯ ለሳይንስ ክበቡ ዐውደ ርዕይ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጽፋለች። የምግብ ስም ሲሰጡት፣ ሰው የሚያስፈልገውን ሁሉ ከሰንጠረዥ እያመሳከረ «ይበቃል» ወይም «አይበቃም» ይላል። ደግሞ ራሱን ይፈትናል፤ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ፣ መልሳቸው ቀድሞ የታወቀ አሥራ ሁለት ጥያቄዎችን ለራሱ ያቀርብና ያገኘውን አረንጓዴ፣ የሳተውን ቀይ ያደርጋል። የክበቡ መምህር ከሁሉም አብልጠው የወደዱት ይህንን ነበር። «ሁላችንም እንዲህ ራሳችንን ብንፈትን» ብለዋል።

ለመምህሩ ልታሳይ በነበረበት ጠዋት አሥራ አንዱ አረንጓዴ ሲሆኑ አንዱ ቀይ ሆነባት። ድንች። ፕሮግራሙ «ይበቃል» ይላል፤ ከመጽሐፍ የገለበጠችው መልስ «አይበቃም» ነው። ስህተቱን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው። ደወሉ ሊደወል ሲል ፕሮግራሙን ትታ መልሱን ነካካችው፤ «አይበቃም»ን አጥፍታ «ይበቃል» ብላ ጻፈች። አሥራ ሁለቱም አረንጓዴ ሆኑ። ራሷ ጠያቂ፣ ራሷ መላሽ፣ ራሷ አራሚ። በኋላ አስተካክለዋለሁ ብላ ነበር፤ ጭብጨባው ሲመጣ ተረሳ።

ሯጯ ደግሞ ጓደኛዬ ካለች አለች የምትል ልጅ ናት። እስከ ዐውደ ርዕዩ ሦስት ሳምንት ድንች ብቻ በልታ፣ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ሕያው ማስረጃ ሆና ልትቆም ወሰነች። ፕሮፌሰሯ «አትቀልጂ ባክሽ» ብላ ሳቀችባት። በሦስተኛው ቀን ይሰለቻታል ብላ ነበር፤ አልሰለቻትም።

በሳምንቱ ፕሮፌሰሯ ስህተቱን አገኘችው። በሰንጠረዡ ላይ ከድንች ፊት ለፊት ሁለት ባዶ ቦታዎች አሉ፤ ፕሮግራሙ ባዶ ሲያገኝ ጎደለ ከማለት ይልቅ ዝም ብሎ ያልፋል። በማግስቱ የሯጯ እናት በቤታቸው በር ላይ ጠብቀው ለብቻዋ ጠሯት። እንግዲህ አዋቂዋ አንቺ ነሽ፣ የኔ ልጅ፣ ጉዳት የለውም ወይ አሏት። እሷም ዐይናቸውን ሳታይ «የለውም፣ እትዬ» አለች። እናትየው አመስግነዋት ድንች ሊቀቅሉ ገቡ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ በር ባለፈች ቁጥር ፊቷ እሳት ይሆናል።

አሁን ነርሷ እናትየውን በስልክ አስጠርታ፣ እስኪመጡ መግቢያው ላይ ልትጠብቃቸው ወጣች። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«ሙድ እንዳትይዢብኝ» አለች ሯጯ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሰውነቴ ነው የሰነፈው። ያንቺማ አሥራ ሁለቱንም አልፏል። ሰባት ቀን ነው የቀረኝ፤ ለነርሷ እተዋለሁ እላታለሁ፣ ግን አልተውም።»

ፕሮፌሰሯ በኀፍረት ተቃጠለች። ብትቆጣት፣ ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ኮምፒውተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ አልጋው ላይ አስቀመጠች። ከአሥራ ሁለተኛው ጥያቄ ሥር «ይበቃል»ን አጥፍታ የመጽሐፉን መልስ መለሰች። ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደ ጓደኛዋ ገፋችው።

«ቁልፉን ተጫኚው።»

ሯጯ ተጫነች። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፤ መጨረሻ ላይ ቀይ።

«መቼ ነው የቀላው?»

«ከመጀመሪያውም ቀይ ነበር። መልሱን እኔ ነኝ የቀየርኩት። ላንቺም ለእናትሽም ዋሸሁ።»

ሯጯ ቀዩን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከኮሪደሩ የነርሷና የእናትየው ድምፅ መጣ። የኮምፒውተሩን ማያ ማጠፍ የአንድ ጣት ሥራ ነበር። ፕሮፌሰሯ ግን ወደ በሩ አዞረችውና ተነሥታ ቆመች።